የትምህርት ቤቶች መሣሪያ ግዢና እውነተኛው ዋጋ

የመማሪያ ክፍሎችን በአዲስ መሣሪያ ማደራጀት በማናቸውም አገር ከሚደረጉት ታላላቅ ግዢዎች አንዱ ነው። የሚፈለገው ዕቃ ብዙ፣ ገዢው የታወቀ፣ ክፍያውም ከሕዝብ ገንዘብ የሚወጣ ስለ ሆነ እንዲህ ያለው ጨረታ ነጋዴን ሁሉ የሚያጓጓ ነው። ነገር ግን በዚህ ዓይነት ንግድ ትርፍና ኪሳራ የሚለየው በመሣሪያው መልካምነት ብቻ አይደለም። መሣሪያው የሚገባበት ክፍል አስቀድሞ ካልተዘጋጀ፣ ምርጥ ዕቃ ያቀረበው ነጋዴ እንኳ ስሙ ሊጎድፍ ይችላል። በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ የሆነው ነገር ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው።

የሎስ አንጀለስ የትምህርት አውራጃ በተማሪዎቹ ብዛት ከኒው ዮርክ ቀጥሎ በአሜሪካ ሁለተኛው ነው። እ. ኤ. አ. በ2013 በጁን ወር የአውራጃው የትምህርት ቦርድ በ47 ትምህርት ቤቶች ለሚገኙ ተማሪዎች አይፓድ የተባለውን ታብሌት ለመግዛት ከአፕል ኩባንያ ጋራ የ30 ሚሊዮን ዶላር ውል አጸደቀ። በታብሌቱ ላይ የሚጫነውን ትምህርት የሚያዘጋጀው ፒርሰን የተባለው የትምህርት መጻሕፍት አሳታሚ ነበር። ይህ የመጀመሪያው ደረጃ ሲሆን፣ ዕቅዱ በሙሉ ሲፈጸም እያንዳንዱ ተማሪ መሣሪያ እንዲኖረው፣ ትምህርት ቤቶቹም በኢንተርኔት መስመር እንዲገናኙ የታሰበ ነበር፤ ወጪውም ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚደርስ ተገምቶ ነበር። የድኻው ልጅ ከሀብታሙ ልጅ እኩል መሣሪያ ይያዝ የሚለው ዓላማ የሚነቀፍ አልነበረም። ችግሩ የተነሣው ከአፈጻጸሙ ነው።

በመጀመሪያ የታየው የዋጋው ጉዳይ ነው። የአንዱ ታብሌት ዋጋ ከነትምህርቱ 678 ዶላር እንደ ሆነ ተነግሮ ነበር። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ግን ቅናሹ የሚጀምረው አውራጃው 400 ሚሊዮን ዶላር ያህል ግዢ ከፈጸመ በኋላ መሆኑ ታወቀ፤ ስለዚህ በመጀመሪያ የሚከፈለው ዋጋ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ወደ 100 ዶላር የሚጠጋ ጭማሪ ነበረው። የትምህርቱም የመጠቀሚያ ፈቃድ ለ3 ዓመት ብቻ የተሰጠ ሲሆን፣ መሣሪያው ሲታደል የትምህርቱ ዝግጅት ገና አላለቀም ነበር። ለፈተና የሚያስፈልገው ኪቦርድም ለብቻው የሚገዛ ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛው ችግር የጥበቃው ጉዳይ ነው። በ2013 መኸር፣ ዕደላው በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ከ300 የሚበልጡ ተማሪዎች የተከለከሉ የኢንተርኔት ገጾችን የሚዘጋውን ቁጥጥር አልፈው ሄዱ፤ ያደረጉትም ነገር ቢኖር በመሣሪያው ላይ የተመዘገበውን መታወቂያ መደምሰስ ብቻ ነበር። ከዚህ የተነሣ አውራጃው መሣሪያው ወደ ቤት እንዳይወሰድ ከለከለ።

ሦስተኛው ችግር የገንዘቡ ምንጭ ነው። ግዢው የተፈጸመው ለትምህርት ቤት ሕንፃ ሥራ በቦንድ ከተበደሩት ገንዘብ ነበር። ሕንፃ ለብዙ ዐሥር ዓመታት ስለሚያገለግል ረጅም ብድር ይስማማዋል፤ ታብሌት ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሚያረጅ ዕቃ ነው። ዕቃው ከተጣለ በኋላ ዕዳው ሲከፈል መኖሩ ብዙዎችን አስቆጣ።

በመጨረሻም ከጨረታው በፊት በአውራጃው ሹማምንትና በሻጮቹ መካከል የተደረጉ የደብዳቤ ልውውጦች ይፋ ወጡ። በ2014 በኦገስት ወር የአውራጃው የበላይ አስተዳዳሪ ጆን ዴሲ ውሉን አገዱ፤ በኦክቶበርም ከሥራቸው ለቀቁ። የፌዴራሉ መንግሥት ምርመራ አድርጎ በ2017 ማንንም እንደማይከስ አስታወቀ። በ2015 በተደረሰው ስምምነት ከ6 ሚሊዮን ዶላር የሚበልጥ ዋጋ ለአውራጃው እንዲታሰብለት ተደረገ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በጥድፊያ የተጀመረው ሥራ በጥድፊያ ፈረሰ።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ ነጋዴ እንግዳ ሊመስል አይገባም። እ. ኤ. አ. ከ2004 ጀምሮ በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ቴሌቪዥን ገብቶ፣ ትምህርቱ በሳተላይት በእንግሊዝኛ ቋንቋ ይሰራጭ ነበር። መሣሪያው በየትምህርት ቤቱ አንድ ዓይነት ቢሆንም የኤሌክትሪኩ ሁኔታ ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። መብራት በጠፋ ጊዜ ስርጭቱ ክፍሉን ስለማይጠብቅ የዕለቱ ትምህርት ያልፋል፤ መሣሪያው ሲበላሽም ጠጋኝና መለዋወጫ በቅርብ አይገኝም ነበር። ዛሬም ጉዳዩ ያለፈ ነገር አይደለም፤ በ2016 ዓ. ም. ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች አንዳንዶቹ ፈተናቸውን በኮምፒዩተር ስለ ወሰዱ፣ የኮምፒዩተር ፍላጎት በየትምህርት ቤቱ መታየቱ አይቀርም።

ስለዚህ ለትምህርት ቤት ዕቃ ለማቅረብ የሚያስብ አስመጪ ዋጋውን ሲያሰላ የሚከተሉትን አብሮ ቢቈጥር ይጠቀማል። እነርሱም የኤሌክትሪክ መስመሩና ኃይሉ ከፍና ዝቅ ሲል መሣሪያውን የሚጠብቀው ስታቢላይዘር፣ የኢንተርኔቱ መስመር፣ በመሣሪያው ላይ የሚጫነው ትምህርትና የፈቃዱ ዘመን፣ የመምህራኑ ሥልጠና፣ መለዋወጫና ጥገና፣ እንዲሁም መሣሪያው ሲያረጅ የሚተካበት ገንዘብ ናቸው። ቅናሽ የሚሰጠው በግዢው መጠን እንደ ሆነ፣ መጠኑ በውሉ ላይ በጉልህ ይጻፍ። ዋስትናውም ከስንት ቀን እስከ ስንት ቀን እንደሚጸና፣ የተበላሸውን ዕቃ ማን እንደሚያነሣና በስንት ቀን እንደሚመልስ ተለይቶ ይታወቅ።

በየወረዳው ከተማ ላለው ባለሱቅም በዚህ ንግድ ድርሻ አለው። ትልቁን ጨረታ ማሸነፍ ባይችልም፣ የኃይል መሙያ ገመድ፣ ኪቦርድና ባትሪ በቅርብ ማቅረብ፣ ከታመነ ጠጋኝም ጋራ መዋዋል ይችላል። በሩቅ ከተማ ካለው ትልቅ መጋዘን ይልቅ ትምህርት ቤቱ ዘወትር የሚፈልገው በዚያው ቀን የሚገኘውን ትንሽ ዕቃ ነው።

አንድን ትምህርት ቤት ሙከራ አድርጎ፣ ጉድለቱን አይቶ፣ ከዚያ ወደ ሌሎቹ መሄድ ለገዢው የሕዝብ ገንዘብ ጥበቃ፣ ለሻጩም የስሙ ጥበቃ ነው። በትምህርት ቤት ንግድ ውስጥ ሁለተኛውን ትእዛዝ የሚያመጣው የመጀመሪያው ዕቃ በክፍሉ ውስጥ ሲሠራ መገኘቱ ነውና።