የአክስቴ ኩበትና የእኔ ባዮጋዝ

ጥር ላይ ደብረ ብርሃን አካባቢ ገጠር የምትኖረው አክስቴ ደወለችልኝ። ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ «ልጄ፣ ያ እሳትህ ጠፋ» አለች። የባዮጋዝ ምድጃዋን ማለቷ ነው። «እሳትህ» ያለችውም በምክንያት ነው፤ አስቆፍሪ ብዬ የወተወትኳት እኔ፣ የብድሩ ወረቀት ሲሞላ አጠገቧ የተቀመጥኩት እኔ፣ በስልኬ ካልኩሌተር «በጣም ያዋጣል!» ብዬ ያሳየኋት እኔ። ኢኮኖሚክስ ተመርቄ ሥራ ያጣሁበት ዓመት ነበር፤ ሰው ማማከር አምሮኛል።

ስሌቴ ይሄ ነበር። አራት ከብት አላት። ሌሊት በረት ውስጥ ከሚያድሩት ከብቶች በቀን 30 ኪሎ ገደማ እበት ይዛቃል። እበቱ ከ30 ሊትር ውሃ ጋር ተበጥብጦ መሬት ውስጥ የተቀበረው 6 ሜትር ኩብ ማብላያ ውስጥ ይገባል። አንድ ኪሎ ትኩስ እበት ሲቀናው እስከ 40 ሊትር ጋዝ ይሰጣል፤ ስለዚህ በቀን አንድ ሜትር ኩብ ገደማ አገኘሁ። አንድ ምድጃ በሰዓት 400 ሊትር ያህል ስለሚበላ ሁለት ሰዓት ተኩል ይነድዳል። ቡናው፣ ወጡ፣ የጠዋት ሻዩ ያለ ጭስ ተሠራ ማለት ነው።

ጉድጓዱ ውስጥ አየር አይገባም። ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በየተራ ይሠራሉ፦ የመጀመሪያዎቹ ከብቱ ያልፈጨውን ይቆራርጣሉ፣ ቀጣዮቹ ወደ አሲድ ይለውጡታል፣ የመጨረሻዎቹ ከዚያ ሚቴን ያወጣሉ። (የመጨረሻዎቹ በደንቡ ባክቴሪያ ሳይሆኑ አርኬያ ነው የሚባሉት፤ ባዮሎጂ ያጠና ጓደኛ ካላችሁ እንዳትጣሉብኝ።) ከሚወጣው ጋዝ ከ50 እስከ 70 በመቶው ሚቴን ነው፤ የሚነድደውም እሱ ነው። ችግሩ፣ እነዚህ የመጨረሻዎቹ ቅብጦች ናቸው። 35 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ይወዳሉ። የአክስቴ ቀዬ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ ጥር ላይ ሌሊቱን ውርጭ ይወርድበታል። ካልኩሌተሬ ውስጥ ውርጭ የሚባል ቁልፍ አልነበረም።

ሄድኩ። ማብላያው ምንም አልተሰነጠቀም፣ ቧንቧውም ደህና ነው። የተራበው ሆዱ ነው። ኅዳር ላይ ለልጇ ጉዳይ ሁለቱን ከብት ሸጣለች። የቀሩት የሁለቱ እበት ደግሞ የት እንደሚሄድ ግድግዳው ሥር አየሁት፤ ኩበት ተጠፍጥፎ፣ ተደርድሮ፣ በፀሐይ እየደረቀ።

ምክንያቱ እንጀራ ነው። የምጣድ ስፋት 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የጋዙ ነበልባል መሀሉን ያሳርርና ዳሩን ሊጥ ይተወዋል። ሙቀቱም አይበቃም። ከተማ የምትጠቀሙበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ኪሎዋት በላይ ይስባል። የአክስቴ የሙሉ ቀን ጋዝ፣ ያውም አራቱም ከብት እያሉ፣ ምድጃው ላይ ሲነድ ከሥራ የሚውለው ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ቢሆን ነው። አንድ ጋገራ አያስጨርስም። አገራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም በ2001 ዓ.ም. ሲጀመር የማብላያው ንድፍ ከኔፓል የመጣ ነበር። እዚያ ሩዝና ምስር በድስት ይቀቀላል፤ ትንሿ ነበልባል ትበቃለች። እኛ ቤት ግን ከማገዶው ትልቁን ድርሻ የሚበላው ምጣድ ነው። ፕሮግራሙ በመጀመሪያው አምስት ዓመት 14,000 ማብላያ አቅዶ 8,000 ገደማ ሠርቷል። ለጉድለቱ ብዙ ምክንያት ይኖረዋል፤ እኔ ግን ምጣዱ ነው ትዝ የሚለኝ።

ሌላም አለ። ኩበት ገበያ ይወጣል። በገበያ ቀን አንድ ሸክም ተሽጦ ጨውና ሳሙና ይገዛበታል። ዩኒቨርሲቲ «ኦፖርቹኒቲ ኮስት» ብዬ ፈተና ላይ በሙሉ ነጥብ የመለስኩትን ነገር፣ መስክ ላይ እበቱን በዜሮ ብር አሰልቼዋለሁ። ውሃውንም በዜሮ። 30 ሊትር ማለት አንድ ጀሪካን ተኩል ነው፣ የምትሸከመውም የአክስቴ ልጅ ናት። የእሷንም ወገብ በዜሮ።

በነገራችን ላይ፣ አዲስ አበባ ያላችሁ «እኛ ረጲ አለን» ትሉ ይሆናል። ነሐሴ 2010 የተመረቀው የረጲ ጣቢያ ቆሻሻ ያቃጥላል፤ ባክቴሪያ የለበትም። እርጥብ የወጥ ቤት ትርፍራፊ ለማቃጠል አስቸጋሪ ነው፣ ለባክቴሪያ ግን ድግስ ነበር።

ወደ አክስቴ ልመለስ። ዝጊውና ይቅር፣ የቀረውን ብድር እኔ እከፍላለሁ ልላት ነበር የሄድኩት። እምቢ አለች። ወደ ጓሮ ወስዳ ነጭ ሽንኩርቷን አሳየችኝ። ከማብላያው በሌላ በኩል የሚወጣውን ጥቁር ዝቃጭ ያጠጣችው መደብ ከጎኑ ካለው ይልቅ ጠቁሮና ተንዠርግጎ ቆሟል። እበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ ማብላያ ውስጥ ግን ጋዙ ይወጣና ናይትሮጅኑ ዝቃጩ ውስጥ ይቀራል። እሷ ይህን አላነበበችም፤ አይታዋለች። «ጋዙ ቢቀር ይቅር፣ ይሄ ግን አይቀርብኝም» አለች። እኔ የጋዙን ዋጋ ስደምር እሷ የማዳበሪያውን ስትደምር ከርማለች።

ከዚያ ተቀምጠን እንደገና አሰላን፣ በዚህኛው እሷ እየነገረችኝ። ክረምት ላይ ኩበት አይደርቅም፣ የጣራ ውሃም በደጅ ነው፤ ያኔ እበቱ በሙሉ ወደ ጉድጓድ። በጋ ላይ ግማሹ ለኩበት፣ ግማሹ ለባክቴሪያ። ሁለት ከብት ስለሆኑ ጋዙ ለቡናና ለወጥ ቢደርስ ነው። ሽንት ቤቱን ከማብላያው ጋር እናገናኘው ስላት ግን «በሽንት ቤት እሳት ቡና ላፈላልህ?» ብላ ዘጋችኝ። አልተከራከርኩም።

ጉድጓዱን ለማስነሳት ማብላያው ከሚሠራለት ጎረቤት ሁለት ባልዲ ዝቃጭ ለምነን ጨመርንበት። ባክቴሪያ ምናምን ብዬ ላስረዳት ስል «እርሾ ነዋ!» አለች። በአምስተኛው ሳምንት ሰማያዊዋ እሳት ተመለሰች።

ባለፈው ሳምንት ደውዬላት ነበር። ቡናው በጋዝ ነው፣ ደስ ብሏታል። እያወራን ግን ደጋግማ ትስላለች። እንጀራ እየጋገረች ነው፣ በኩበት።