ለቤተሰብ ጉዞ የመኪና ጣሪያ ዕቃ መጫኛ ሲመረጥ መታወቅ ያለባቸው ጉዳዮች

በበዓላትና በትምህርት ቤቶች ዕረፍት ወቅት በርካታ ቤተሰቦች በግል ተሽከርካሪ ረጅም ጉዞ ያደርጋሉ። ለገና ወደ ላሊበላ፣ ለጥምቀት ወደ ጎንደር፣ ታኅሣሥ 19 ለሚከበረው ክብረ በዓል ወደ ቁልቢ ወይም በዓረፋ ዋዜማ ወደ ትውልድ ቀዬው የሚጓዝ ቤተሰብ አምስት ሰው አሳፍሮ የኋላው ዕቃ ማስቀመጫ ሲሞላበት ዓይኑን ወደ ጣሪያው ያነሣል። በተለምዶ ፖርቶመጋላ የሚባለው የጣሪያ ዕቃ መጫኛ የሚገዛውም አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ሰሞን በጥድፊያ ነው። ገዢው ስለ ስፋቱና ስለ ዋጋው ይጠይቃል። ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ግን የተሽከርካሪው ጣሪያ ስንት ኪሎ ግራም እንዲሸከም ተደርጎ ተሠርቷል የሚለው ነው።

ይህንን መጠን የሚወስነው የተሽከርካሪው አምራች ሲሆን፣ ከተሽከርካሪው ጋር በሚመጣው የአጠቃቀም መመሪያ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ለብዙ አነስተኛና መካከለኛ አውቶሞቢሎች ከ50 እስከ 75 ኪሎ ግራም ነው፤ ከፍ ላሉ የመስክ ተሽከርካሪዎች ወደ 100 ኪሎ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። ያገለገለ ተሽከርካሪ የገዛ ሰው መመሪያው ላይኖረው ወይም በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ዓይነቱ ባለንብረት የተሽከርካሪውን ሞዴልና የተመረተበትን ዓመት ይዞ የአምራቹን ወኪል ቢጠይቅ ይመረጣል፤ ትክክለኛውን ቁጥር እስኪያገኝም ድረስ ዝቅተኛውን መጠን መያዝ ይበጀዋል።

በዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። አምራቹ የወሰነው መጠን የዕቃውን ክብደት ብቻ ሳይሆን የመጫኛውንም ክብደት የሚጨምር ነው። የጣሪያው ልክ 75 ኪሎ ግራም ቢሆንና በብየዳ ቤት ከብረት የተሠራው መጫኛ ባዶውን 30 ኪሎ ግራም ቢመዝን፣ ለዕቃ የሚተርፈው 45 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። በኮረኮንች መንገድ ደግሞ ሒሳቡ ይጠብባል። አንዳንድ የመጫኛ አምራቾች አስፋልት ባልሆነ መንገድ ላይ የተፈቀደው መጠን ለ1.5 ተካፍሎ እንዲወሰድ ያሳስባሉ። በዚህ ስሌት 75 የነበረው 50 ይሆናል፤ የመጫኛው 30 ሲቀነስም 20 ኪሎ ግራም ይቀራል። ይህ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሚይዘው ውኃ ክብደት ነው።

የመመለሻው ጉዞ ከመሄጃው ይልቅ አሳሳቢ ነው። ከቤት ሲወጣ ብርድ ልብስና ሻንጣ የነበረው ጭነት፣ ሲመለስ ጤፍ፣ ድንችና ከሰል ይሆናል፤ አንዳንዴም እግሩ የታሰረ በግ ይጨመርበታል። አንድ ኩንታል ጤፍ 100 ኪሎ ግራም ስለሆነ ብቻውን የብዙዎቹን አውቶሞቢሎች ልክ ያልፋል። ስለዚህ መጫኛ የሚመርጥ ቤተሰብ ይዞት የሚሄደውን ብቻ ሳይሆን ይዞት የሚመለሰውንም አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል። እህልና ሌላው ከባድ ዕቃ ቦታው የተሽከርካሪው ወለል እንጂ ጣሪያው አይደለም፤ ከአቅም በላይ ከሆነም በጭነት ተሽከርካሪ መላኩ ይሻላል። የጣሪያ መጫኛ ቦታ ይጨምራል እንጂ የተሽከርካሪውን ጠቅላላ የመሸከም አቅም አይጨምርም፤ አምስት ተሳፋሪዎችም የዚያ አቅም ተካፋዮች ናቸው።

ጥንቃቄው የሚያስፈልገው ጣሪያው ይጎብጣል በሚል ስጋት ብቻ አይደለም። ክብደት ወደ ላይ ሲወጣ የተሽከርካሪው ሚዛን አብሮ ከፍ ይላል፤ በዚህም ምክንያት ባዶውን ያለ ችግር በሚያልፈው ኩርባ ላይ ወደ ጎን ለማጋደል ይቀርባል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን ወይም በሊማሊሞ የሚያልፈውን መንገድ የሚያውቅ አሽከርካሪ ተከታታይ ኩርባና ረጅም ቁልቁለት በአንድ ላይ ሲመጡ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ፍሬን በድንገት ሲያዝ ደግሞ ጭነቱ ወደፊት መገስገሱን ይቀጥላል። በደረቅ አስፋልት ላይ ጠንከር ያለ ፍሬን 50 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃን የዕቃው ክብደት ሦስት አራተኛ በሚጠጋ ኃይል ወደፊት ይገፋዋል። ማሰሪያው ይህን ካልቻለ ዕቃው የሚያርፈው በሞተሩ ክዳን ላይ ወይም ከፊት ባለው ተሽከርካሪና እግረኛ ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው የመጫኛው ዓይነት የሚመረጠው። ክፍት የብረት መጫኛ በብዛት የሚገኝ፣ በየብየዳ ቤቱ የሚጠገንና ቅርጹ የማይመች ዕቃ የሚቀበል ነው፤ ክብደቱ ግን ከፍተኛ ነው፤ ዕቃውንም ከዝናብና ከአቧራ የሚጠብቀው ከላዩ የሚለብሰው ሸራ ብቻ ነው። ከአሉሚኒየም የተሠራው ቀለል ይላል። ከጠንካራ ፕላስቲክ የሚሠራው ባለ ክዳን ሣጥን በአብዛኛው ከ15 እስከ 25 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ይቆለፋል፤ ነፋስንም በተሻለ ሁኔታ ያሳልፋል። ለልብስ፣ ለፍራሽና ለብርድ ልብስ ከዚህ የተሻለ የለም ማለት ይቻላል። ተጣጥፎ የሚቀመጠው የጨርቅ ሻንጣ ከሁሉም የቀለለ ነው፤ ይሁን እንጂ ማሰሪያው በበር በኩል ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ በክረምት ዝናብ ውኃው ማሰሪያውን ተከትሎ ወደ መቀመጫው ይደርሳል። ውኃ አይበገሬ ነው ተብሎ የተሸጠ ሻንጣም ቢሆን ውስጡ ያለው ልብስ በፌስታል ቢጠቀለል አይጎዳም።

መጫኛው ከተሽከርካሪው ጋር የሚያያዝበት መንገድ ከዓይነቱ እኩል ክብደት የሚሰጠው ነው። በቆዩ የመስክ ተሽከርካሪዎች ጣሪያ ዙሪያ ያለው የውኃ መውረጃ ጠርዝ መጫኛን አጥብቆ ይይዛል። በፋብሪካ የተገጠመ የጎንና የጎን ሐዲድ ያላቸውም አይቸገሩም። ሁለቱም በሌሉበት ለዚያው ሞዴል የተሠራ፣ በበሩ ክፈፍ ላይ የሚጠብቅ እግር ያስፈልጋል። ለሁሉም መኪና ይሆናል ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ በጥርጣሬ መታየት አለበት፤ በጣሪያው ቆርቆሮ ላይ መበየድ ወይም መብሳትም ዝገትና የውኃ ፍሳሽ ስለሚያስከትል አይመከርም።

የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ባለቤቶች ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ማድረግ አለባቸው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ በመደረጉ የእነዚህ ተሽከርካሪዎች ቁጥር እየጨመረ ነው። ከእነርሱ መካከል በአምራቹ ለጣሪያ ጭነት ጨርሶ ያልተፈቀዱ አሉ፤ ፎልክስዋገን አይዲ 3 አንዱ ነው። ሰፊ የመስታወት ጣሪያ ያለው ተሽከርካሪም መመሪያው ሳይታይ መጫን የለበትም። የተፈቀደላቸውም ቢሆኑ በአንድ ሙሌት የሚሄዱት ርቀት በነፋስ ግፊት ምክንያት ስለሚያጥር የኃይል መሙያ ቦታን ቀድሞ ማወቅ የግድ ነው። የአየር ግፊት ከፍጥነት ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነት በሰዓት ከ60 ወደ 100 ኪሎ ሜትር ሲጨምር ግፊቱ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። በነዳጅ ለሚሠራውም ፍጥነትን መቀነስ ወጪን መቀነስ ነው።

በአጫጫን ረገድ ከጣሪያ ዕቃዎች ውስጥ ከበድ የሚለው በመካከል ከሥር ይሆናል፤ ቀላሉ በዙሪያውና ከላይ ይደረደራል። የላስቲክ ገመድ ስለሚሳብ ሸራ ለመያዝ እንጂ ጭነት ለማሰር አያገለግልም፤ ለዋናው ማሰሪያ በመቆለፊያ የሚጠብቅ ጠፍጣፋ ማሰሪያ ወይም ጠንካራ ገመድ ያስፈልጋል። ረጅም ዕቃ ከፊትና ከኋላም ይታሰራል። ቤንዚን የያዘ ጀሪካን በጣሪያ ላይ መጫን፣ ይልቁንም ሰው ማሳፈር፣ ፈጽሞ አይገባም። የመጀመሪያው 30 ኪሎ ሜትር እንዳለቀ ቆም ብሎ ገመዱንና ብሎኖቹን መፈተሽ ያስፈልጋል፤ ጭነት ራሱን አስተካክሎ የሚቀመጠውና ገመድ የሚላላው በዚህ ጊዜ ነውና። ከነጭነቱ ያለው ቁመትም ከመሬት ተለክቶ አሽከርካሪው በሚያየው ቦታ ቢለጠፍ፣ ዝቅተኛ የሆቴል በርና የምድር ቤት ማቆሚያ ፊት ከመገመት ያድናል።

ጉዞው ሲያበቃ መጫኛው ተፈቶ ቢቀመጥ መልካም ነው። ባዶውንም ቢሆን ነዳጅ ይበላል፤ ብሎኖቹም ለወራት ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅባቸው ይዝጋሉ። እንደገና ከመገጠሙ በፊት የብየዳው መጋጠሚያዎች ስንጥቅ እንደሌለባቸው በዓይን ይታያል፤ የዛገ ብሎንም በአዲስ ይተካል።