በሳተላይቶች መካከል ያለውን ርቀት በሌዘር መለካት

ሌዘር ኢንተርፌሮሜትሪ የብርሃንን ሞገድ እንደ መለኪያ በመጠቀም የርቀት ለውጥን የሚለካ ዘዴ ነው። ሁለት የሌዘር ጨረሮች ሲደራረቡ የሞገዶቻቸው ከፍታ ከተገጣጠመ ብርሃኑ ይጎላል፤ የአንዱ ከፍታ በሌላው ዝቅታ ላይ ካረፈ ይደበዝዛል። አንደኛው ጨረር የሚጓዝበት መንገድ ጥቂት ቢረዝም ወይም ቢያጥር አገጣጠሙ ይለወጣል። መሣሪያው የርቀቱን ለውጥ የሚያሰላው ከዚህ ነው።

ዘዴው በሁለት ሳተላይቶች መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው በግሬስ ፎሎው ኦን ተልዕኮ ነው። አሜሪካና ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2018 ያመጠቋቸው እነዚህ መንትያ ሳተላይቶች 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ተራርቀው በአንድ ምሕዋር ይከታተላሉ። ብርሃኑ ይህን ያህል ሲጓዝ ስለሚሰራጭና ስለሚዳከም በመስታወት ተንጸባርቆ እንዲመለስ አይደረግም፤ ተቀባዩ ሳተላይት የራሱን ሌዘር ከደረሰው ሞገድ ጋር አስተካክሎ አዲስ ጨረር ይልካል።

የፊተኛው ሳተላይት ብዙ ቁስ አካል ወዳለበት ስፍራ ሲቃረብ የመሬት ስበት ቀድሞ ስለሚስበው ርቀቱ ይሰፋል፤ የኋለኛው ሲደርስ ደግሞ ይጠብባል። ሳይንቲስቶች ከዚህ ለውጥ የከርሰ ምድር ውኃን መቀነስና የግሪንላንድን በረዶ መቅለጥ ይከታተላሉ። የተልዕኮው ዋና መለኪያ በማይክሮዌቭ የሚሠራ ሲሆን፣ በሙከራነት የተጫነው ሌዘር ግን ከማይክሮሜትር እጅግ ያነሰ ለውጥን ለይቷል።

የአውሮፓ የሕዋ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2024 ያጸደቀው የሊሳ ተልዕኮ ዘዴውን በ2.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ይጠቀምበታል። በ2030ዎቹ አጋማሽ እንዲመጥቁ የታቀዱት ሦስት መንኮራኩሮች ፀሐይን በሦስት ማዕዘን ቅርጽ እየዞሩ፣ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓዶች ሲዋሐዱ የሚፈጠሩትን የስበት ሞገዶች ይለካሉ።