ወይፈን መግራት

ወይፈን መግራት (ወይፈን ማቅናት) ማለት ያልተጠመደን ወይፈን ቀንበር ተሸክሞ፣ ከሌላ በሬ ጋር እኩል እየተራመደ ማረሻ እንዲጎትት ማልመድ ነው። በብዙው የኢትዮጵያ ደጋ የቆየ ሥራ ነው። በአምቦና በወሊሶ መካከል በምትገኘው ወንጪም የገብስ ማሳ የሚታረሰው በጥማድ በሬ ነው፤ የእንሰት ጓሮ ግን በእጅ ይቆፈራል። በአካባቢው በሚነገረው ኦሮምኛ ወይፈን «ጅቢቻ»፣ የእርሻ በሬ «ቆቲዮ»፣ ቀንበር «ሃርቆታ» ይባላል። ወንጪ ለጎብኚ የምትታወቀው በሐይቋና ቁልቁለቱን በሚያወርዱት ፈረሶች ቢሆንም ማሳውን የሚያርሰው በሬው ነው።

ቀንበሩ የሚያርፈው ከሻኛው ፊት፣ ጫንቃው ላይ ነው። በሬው ወደፊት ሲሄድ ሻኛው ቀንበሩን ከኋላ ይደግፈዋል። ፈረስ ሻኛ ስለሌለው የሚጎትተው በደረቱና በትከሻው ነው፤ የአምቦ የጋሪ ፈረስ የበሬ ቀንበር አይሆነውም። በበረዶ አገር ተንሸራታች የሚስቡ ውሾችም እንዲሁ በደረት ማሰሪያ ይጎትታሉ።

አገራሩ

ሥራው ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ወይፈኑ ከ3 እስከ 4 ዓመት ሲሆነው ነው። መጀመሪያ ከለመደና ረጋ ካለ በሬ ጋር ይጠመድና ያለ ማረሻ፣ ቀንበሩን ብቻ ይዞ ይዞራል። አንድ ሰው ከፊት በገመድ ይመራዋል፤ ሌላው ከኋላ እየተጣራ ይነዳል። ቀጥሎ ቀላል ግንድ ይጎትታል። ማረሻ የሚታሰርለት በመጨረሻ ነው፤ ያውም ቀድሞ ታርሶ በለሰለሰ መሬት ላይ።

ቅደም ተከተሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ገና በጀማሪነቱ ጠንካራ መሬት ላይ የተጠመደ ወይፈን ጭነቱ አልነቃነቅ ሲለው ይተኛል። ተኝቶ ከተፈታ ደግሞ መተኛት ከሥራ እንደሚያድነው ይማራል፤ ይህን ማስተው መግራቱን ራሱን ከመጀመር ይከብዳል። ስለዚህ የሚፈታው ሳይደክም፣ እየተራመደ ሳለ ነው።

አንድ በሬ ለረጅም ሰዓት የሚችለው ጉተታ ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ያህል ነው፤ 300 ኪሎ ለሚመዝን በሬ 30 ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው። ሞፈሩ ከቀንበሩ መሀል ወደ አንዱ በሬ ጠጋ ብሎ ከታሰረ የዚያ በሬ ድርሻ ይበዛል። ተዳፋትን አግድም ሲያርሱም ቀንበሩ ወደ ታችኛው በሬ ያዘነብላል። በወንጪ ዓይነት ገደላማ አገር ለጀማሪው የትኛውን ጎን መስጠት እንደሚሻል ማሰብ ያስፈልጋል።

ቁስልና ቀንጃ

በደንብ ያልተላገ ቀንበር ወይም የጠበበ ማነቆ ጫንቃን ይልጣል። ቁስሉ ሳይድን የተጠመደ ወይፈን ቀንበር ባየ ቁጥር ይሸሻል፤ ለወራት የተደከመበት ሥራም ይበላሻል። የእርሻ ወቅት የሚጀምረው መኖ ባነሰበት፣ ከብቱም በከሳበት ጊዜ መሆኑ ችግሩን ያብሰዋል።

ሌላው ችግር አስተማሪ በሬ ማግኘት ነው። አንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አቀናጅተው በየተራ ያርሳሉ፤ ይህም መቀናጆ ይባላል። ነገር ግን ደህና በሬን ከሚፈራገጥ ወይፈን ጋር ለማጥመድ ማዋስ ቀላል አይደለም፤ ከተሰበረ ሁለቱም ቤት ሳያርስ ይቀራል። የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት እርባታ ማዕከል በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአንድ በሬ የሚጎተት ማረሻ በኢትዮጵያ ሞክሮ ነበር። በገበሬው ዘንድ ግን በሰፊው አልተለመደም፤ ወይፈኑ ዛሬም ቀንጃ ይፈለግለታል።