«ቁም!» ስንለው ለምን ወደቀ?
(ስለ ውሃ ላይ ሸርተቴ ጥቂት ማብራሪያ)



ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ስድስት ሆነን ላንጋኖ ወርደን ነበር። ላንጋኖ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ፣ ውሃው እንደ ወተት ሻይ የደፈረሰ ሐይቅ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። እዚያም የአንዱ ጓደኛችን አጎት የሚያውቋቸው ባለ ሞተር ጀልባ ሰው በውሃ ላይ ሸርተቴ እንድንሞክር ፈቀዱልን። ከመካከላችን ዋና በደንብ የሚችለው አንድ ብቻ ስለነበረ ዕጣው ለሱ ወጣ። እኛ ደግሞ፣ ያው መምህራን ልንሆን አይደል፣ ሁለታችን ከጀልባው ውስጥ ሌሎቻችን ከዳር ሆነን ማስተማሩን ተያያዝነው። ጀልባው ገመዱን መሳብ ሲጀምር ሁላችንም ባንድ ድምፅ «ቁም! ቁም!» ብለን ጮኽን። ልጁ ቆመ። ወዲያውም በአፍንጫው ተደፋ። አምስት ጊዜ ጮኽን፣ አምስት ጊዜ ተደፋ። በስድስተኛው ላይ ውሃ እየተፋ «እባካችሁ እናንተ ዝም በሉልኝ!» አለን።

ማታ የጀልባው ባለቤት ስቀው ስቀው ሲያበቁ ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን የኛ መሆኑን ነገሩን። ከሳቸው የሰማነውንና ከተመለስን በኋላ አንብበን የተረዳነውን እነሆ እናካፍላችኋለን።

በመጀመሪያ፣ እንዲህ የተደፋው የኛ ጓደኛ ብቻ አይደለም። ይህን ስፖርት የጀመረው ራልፍ ሳሙኤልሰን የሚባል የ18 ዓመት አሜሪካዊ ወጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1922 በሚኒሶታ ግዛት በፔፒን ሐይቅ ላይ ወንድሙ በጀልባ እየሳበው ሞከረ። መጀመሪያ የበርሜል ጣውላ፣ ቀጥሎ የበረዶ መንሸራተቻ እግሩ ላይ አሰረ፤ ሁሉም ሰመጠ። በኋላ ረጃጅም ጣውላ ገዝቶ ጫፉን በፈላ ውሃ አለስልሶ ወደ ላይ ቀለበሰው። ይህም ሆኖ ለቀናት ወደቀ። በመጨረሻ የተሳካለት ወደ ኋላ ተደግፎ የጣውላዎቹን አፍንጫ ከውሃው በላይ አድርጎ ሲጠብቅ ነው። እንግዲህ ሚስጥሩ መጠበቅ ነው ማለት ነው።

ለምን ቢባል፣ ስኪው አፍንጫው ቀና ብሎ ሲሳብ ውሃውን ወደ ታች ይገፋል፤ ውሃውም በበኩሉ ስኪውን ወደ ላይ ይገፋል። በፊዚክስ የተማርነው የኒውተን ሦስተኛ ሕግ ነው። ይህ ግፊት ደግሞ በፍጥነት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ስለሆነም በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ውሃው ሰው የመሸከም አቅም ገና የለውም። በዚያች ሰዓት እግሩን የዘረጋ ሰው የስኪውን አፍንጫ ወደ ውሃው ይደፍቀዋል፣ ገመዱ ደግሞ ደረቱን ወደ ፊት ይጎትተዋል። ውጤቱን አይተነዋል!

ስለዚህ ጀማሪው ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ፣ እጁን ዘርግቶ፣ በርጩማ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ቁጢጥ ብሎ መቆየት አለበት። እጁን አጥፎ እጀታውን ወደ ራሱ ቢስብ ገመዱ ይላላል፤ ከዚያ ድንገት ሲወጠር ይነጥቀዋል። ውሃው ራሱ ብድግ ሲያደርገው ያን ጊዜ ቀስ ብሎ ይነሣል።

ስላሎም የሚባለው በአንድ ስኪ ብቻ የሚደረገው ነው። ሁለት እግር፣ አንዱ ከሌላው ኋላ፣ በአንዲት ጠባብ ጣውላ ላይ! እንዴ፣ በሁለቱም አልሆነልንም ብላችሁ ይሆናል። ግን ጀማሪ በአንዱ አይጀምርም። በሁለት ስኪ ወዲያና ወዲህ መሄድ ሲለምድ፣ ውሃው ላይ እንዳለ አንዱን እግር ትንሽ ከፍ ያደርጋል፣ ከዚያ ሌላውን። ሳይንገዳገድ የቆመበት እግር የፊተኛው ይሆናል። ሁለተኛውን ስኪ ማሠሪያውን አላልቶ ይጥለዋል፤ ባዶ የቀረውን እግር ግን ወዲያው አያስገባም። በጣቶቹ ውሃውን እየዳሰሰ ሚዛኑን ካገኘ በኋላ ከፊተኛው እግር ጀርባ ያሳርፈዋል። ወደ እግሩ ማየት የለበትም። ያየ ሰው ይወድቃል፤ ይኼም ተፈትኖ የታየ ነው። ከውሃው ውስጥ በአንድ ስኪ መነሣት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ሲሆን፣ የስኪው ስፋት ግማሽ ስለሚሆን ጉተታው ይረዝማል፣ ቁጢጥታውም እንደዚያው።

በዓለም አቀፍ ውድድር ላይ ስላሎም 259 ሜትር በሆነ መስመር ግራና ቀኝ የተንሳፈፉ 6 ኳሶችን መዞር ነው። ከፍተኛው የጀልባ ፍጥነት ለወንዶች በሰዓት 58፣ ለሴቶች 55 ኪሎ ሜትር ነው። ተወዳዳሪው ይህን ከቻለ ፍጥነት አይጨመርበትም፤ ገመዱ ያጥርበታል እንጂ። ኳሶቹ ከመስመሩ መካከል 11.5 ሜትር ይርቃሉ፣ ገመዱ ግን እስከ 9.75 ሜትር ያጥራል። ቀሪውን ሰውዬው በቁመቱና በተዘረጋ ክንዱ ይሞላዋል ማለት ነው። እኛስ ማየቱ ይበቃናል።

ስለ ደኅንነት ሁለት ነገር ሳንናገር አናልፍም። ዋናተኛም ቢሆን ተንሳፋፊ ጃኬት ሳይለብስ አይገባም፤ ጀልባው ውስጥም ከነጂው ሌላ ወደ ኋላ የሚያይ ሰው መኖር አለበት። የሚወድቅ ሰው ደግሞ እጀታውን ወዲያው መልቀቅ ነው እንጂ ግብግብ አያዋጣውም።

በማግስቱ ጠዋት ሰውዬው «ዛሬ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚባለው» አሉን። ቃሉም «ቆይ» ነበር። ጀልባው ተነሣ፣ እኛም «ቆይ… ቆይ… ቆይ…» እያልን ቆጠርን። ልጁ ቁጢጥ እንዳለ ከአረፋው መካከል ብቅ አለና ሳናዝዘው ቀና ብሎ ቆመ። «ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ!» ብለን የጮኽነው እኛ ነን፤ እሱማ አውራ ጣቱን ወደ ላይ አድርጎ ፍጥነት ጨምሩ እያለ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ቸኩሎ አንዱን ስኪ ጣለ። በአንድ እግሩ እስከ አራት እስክንቆጥር ድረስ ሄደ። የጣለው ስኪ ቡናማ ነበር፣ ሐይቁም ቡናማ ነው፤ ሲፈለግ ምሳ ሰዓት አለፈ።