የኪርጊዞች የጠጉር ምንጣፍ

በእስያ መካከል ኪርጊዝስታን የሚባል ተራራማ አገር አለ። ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ በግ አርቢ ነው፤ ብርዱም ጽኑ ስለ ሆነ ሴቶቹ ከበግ ጠጉር ሺርዳክ የተባለውን ወፍራም ምንጣፍ ይሠራሉ።

ጠጉሩ እንደ መንዝ ባና አይፈተልም፤ አይሸመንምም። በበትር መትተው ካፍታቱት በኋላ በሸምበቆ ላይ ይነሰንሱታል፤ የፈላ ውሃም አፍስሰውበት ይጠቀልሉታል፤ ከዚያም ብዙ ሆነው በእግርና በክንድ ያሹታል። ያን ጊዜ ጠጉር ከጠጉር ተያይዞ እንደ ጨርቅ ይጠነክራል።

እጅግ የሚያስደንቀው ግን አቈራረጡ ነው። ቀዩንና ጥቁሩን ደራርበው የበግ ቀንድ የሚመስል ሐረግ በአንድ ስለት ይቈርጣሉ። ከቀዩ የወጣው በጥቁሩ ክፍት ቦታ ይገባል፤ ከጥቁሩ የወጣውም በቀዩ። ልጆች ሆይ፥ ሁለት ወረቀት ደርባችሁ ብትቈርጡ ነገሩ ይገባችኋል። እንዲህ ሁለት ምንጣፍ ይወጣል፤ ቁራጭም አይጣልም። መጋጠሚያውን ሰፍተው የተገመደ የጠጉር ክር ይጠልፉበታል፤ ትልቁ ምንጣፍ ወራት ይፈጃል።

ሙያው ከእናት ወደ ልጅ በእጅ እንጂ በመጽሐፍ አልተላለፈም። የፋብሪካ ርካሽ ምንጣፍ ሲበዛ ወጣቶቹ መማሩን ተዉት። ስለዚህ ዩኔስኮ በ2005 ዓ.ም. አስቸኳይ ጥበቃ በሚሹ ሙያዎች መዝገብ ጻፈው፤ በዚያን ጊዜ ከባለሙያዎቹ የሚበዙት ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት ያለፈ ነበር።