ሩቅ የማየት ችግርና የክፍል ትምህርት

በሀዋሳ ከተማ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኋላ መቀመጫ ላይ የሚቀመጥ ተማሪ ይታሰብ። መጽሐፉን አቅርቦ ያለ ችግር ያነባል፤ የእጅ ጽሑፉም ንጹሕ ነው። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፉትን ግን ዐይኑን አጥብቦ ካልተመለከተ ወይም ከጓደኛው ደብተር ካልቀዳ በትክክል ሊገለብጥ አይችልም። እንዲህ ያለው ልጅ ብዙውን ጊዜ ሰነፍ ወይም ትኩረት የሌለው ተብሎ ይገመታል። የችግሩ ምንጭ ግን በዐይኑ ቅርጽ ላይ ሊገኝ ይችላል።

ጤናማ ዐይን ከሩቅ የሚመጣውን ብርሃን በኮርኒያና በሌንስ አማካይነት ሰብሮ በኋለኛው ግድግዳ፣ ማለትም በሬቲና ላይ ያሳርፈዋል። የዐዋቂ ሰው የዐይን ኳስ ከፊት እስከ ኋላ 24 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ኳሱ ከመጠን በላይ ሲረዝም ወይም ኮርኒያው ከሚገባው በላይ ሲጎብጥ፣ ብርሃኑ ሬቲናው ላይ ከመድረሱ በፊት ስለሚሰበሰብ የሩቁ ነገር ይደበዝዛል። ይህም ማዮፒያ ይባላል። የ2 ዳይኦፕተር ማዮፒያ ያለበት ልጅ ያለ መነጽር አጥርቶ የሚያየው እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ድረስ ብቻ ነው። ደብተሩ በዚህ ክልል ውስጥ ሲሆን ሰሌዳው ከክልሉ ውጭ ነው። ችግሩ ሳይታወቅ ዓመታት የሚያልፉትም ስለዚህ ነው። እይታው የሚደክመው ቀስ በቀስ በመሆኑ፣ ልጁ ራሱ የታቦር ተራራ ለሌሎች ጎልቶ እንደሚታይ ላይገነዘብ ይችላል።

መፍትሔው ስርጉድ ሌንስ ያለው መነጽር ነው። ይህ ሌንስ ብርሃኑን ወደ ዐይን ከመግባቱ በፊት ጥቂት በመበተን ምስሉ ሬቲናው ላይ እንዲያርፍ ያደርጋል። መነጽር ዐይንን ያደክማል የሚለው እምነት መሠረት የለውም። በምዕራብ ቻይና ገጠር የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ መነጽር በነጻ የተሰጣቸው ተማሪዎች በሒሳብ ፈተና የተሻለ ውጤት ማግኘታቸውን አሳይቷል። በኢትዮጵያም በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ የዐይን ጤና ጥናት፣ ዝቅተኛ እይታ ካለባቸው ሰዎች መካከል 33 በመቶ የሚሆኑት ለችግሩ የተዳረጉት በብርሃን ስብረት ጉድለት መሆኑን አመልክቷል። ማዮፒያም ከእነዚህ ጉድለቶች አንዱ ነው።

ማዮፒያ በከፊል ከወላጅ የሚወረስ ቢሆንም፣ የኑሮ ሁኔታም ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ በታተመው የጓንግዡ ጥናት፣ በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ ጊዜ ከቤት ውጭ ካሳለፉት የ1ኛ ክፍል ተማሪዎች ውስጥ በሦስት ዓመት 30 በመቶው ማዮፒያ ሲይዛቸው፣ ከሌሎቹ ግን 40 በመቶ ያህሉን ይዟቸዋል። ሀዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ የምትገኝ ስለሆነች ዓመቱን ሙሉ የብርሃን እጥረት የለባትም። የሚያስፈልገው የእረፍት ሰዓትንና የመጫወቻ ሜዳን ከማጣበብ መቆጠብ ነው።

መምህራንም ቀላል ምርመራ ሊያደርጉ ይችላሉ። በነጭ ካርቶን ላይ ቁመቱና ወርዱ 17.5 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ሦስት ጣት ያለው የሹካ ቅርጽ በጥቁር ቀለም ይሣላል፤ የእያንዳንዱ ጣትና ክፍተት ስፋትም 3.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ተማሪው በ6 ሜትር ርቀት ቆሞ አንዱን ዐይኑን በመሸፈን፣ ካርቶኑ በተገለባበጠ ቁጥር ጣቶቹ የሚያመለክቱበትን አቅጣጫ በእጁ ያሳያል። ከዚያም ሌላኛው ዐይን በተራው ይፈተናል። በአንደኛው ዐይኑ እንኳ አዘውትሮ የሚስት ልጅ ወደ ዐይን ሕክምና መላክ አለበት። ይህ ምርመራ የችግሩን መኖር እንጂ ዓይነቱን አይገልጽምና፣ መነጽር የሚታዘዘው በባለሙያ ብቻ ነው። እስከዚያው ድረስ ልጁን ፊት ማስቀመጥ ይረዳል፤ ነገር ግን ጊዜያዊ እርዳታ እንጂ መፍትሔ አይደለም።

ለዕቅድ አውጪዎች ምርመራው በየትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ከምዝገባ ጋር ቢያያዝ ወጪው ካርቶንና ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። ካልተደረገ ግን የዐይን ጉድለት የአእምሮ ጉድለት ተደርጎ ይቆጠራል፤ ሊማር የሚችለው ልጅም ከትምህርት ገበታ ይርቃል።